እትዬ ወርቄ የበለቱት ዶሮ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ከብት ከሚያደልብ ጎረቤታችን ግቢ በኩል ሳልፍ የፋጉሎ ሽታ አቆመኝ። ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የሰሊጥ ፋጉሎ ነው፣ የኑግ አይደለም። ሌላው ሰው ላይለየው ይችላል፤ እኔ ግን ያደግሁበት ስለሆነ አልሳሳትም። ጣፈጥ ይላል፣ መረር ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የግመል ሽታ የሚመስል ነገር አለው። አጥሩን ተደግፌ ሳሸት ባለቤቱ ብቅ አለና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። በሬዎቹን በክፉ ዓይን የማይበት መስሎት ነው። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። በእኛ ቤት ሰውን መጠርጠር ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው።

ሽታው ይዞኝ የሄደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ። ከእህል ገበያው በስተጀርባ፣ ግመል ዓይኑን ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ የሚዞርበት የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበር። ከመጭመቂያው አጥር ጋር በሚዋሰን ሰፊ ግቢ፣ ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ ሱዳናዊት ጥላ ሥር፣ ከበለሳ ተሰደን የመጣን ሰዎች ከማሽላ አገዳና ከጆንያ ጎጆ ቀልሰን እንኖር ነበር። ንፋስ ሲነሣ የጎጆው ግድግዳ ያፏጫል። ንፋስ ሲቆም ደግሞ የመጭመቂያው እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል፤ እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እየሰማሁ ነበር።

እማዬ እርጉዝ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪኖች ሲያራግፉ የሚፈሰውን ማሽላ፣ እነሱ ዱራ የሚሉትን፣ ከአፈር ትለቅማለች፤ እኔ አነፍሳለሁ። አባቴ አልነበረም። አሮጊት እናቱ መንገዱን አልችለውም ስላሉ «እሳቸውን ጥዬ አልሄድም፤ እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» ብሎ አገር ቤት ቀርቶ ነበር። ከጠረፉ ከገላባት በኩል መኪና በገባ ቁጥር እማዬ ጆንያዋን ትጥልና የሚወርዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያለች። ባልሽስ ሲሏት መልሷ «ይደርሳል» ነው፤ ሌላ ቃል አትጨምርበትም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥላ ነው ያስጠናችኝ። ውሃ ስትገዛ በርሜሉን ታሸታለች። ቄስ ሲባርካት እንኳ መስቀሉን ከመሳሟ በፊት የሰውየውን ፊት አየት ታደርጋለች። እንግዲህ እትዬ ወርቄ የመጡት ወደዚህች ሴት ጎረቤትነት ነበር።

የመጡት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ረጅምና ደረቅ ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት። እንደ ሌላው ስደተኛ ጥላ ፈልገው አልተቀመጡም፤ ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ «ከወዴት ናችሁ? ከበለሳ? ከየትኛው ደብር?» ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ወይ የደርግ ጆሮ ነው፣ ወይ የሱዳኖቹ ጆሮ ነው፣ ወይ የጫካዎቹ። ለእኛ ሦስቱም ያው ነበሩ። ሰው ሁሉ የማያውቀውን አገር ስም እየጠራ ሸኛቸው። እኛ ጎጆ ሲደርሱ እማዬን ስሟን ጠየቋት።

«የሺ» አለች፣ ሳታስበው አምልጧት።

እትዬ ወርቄ ፊቷን አዩ፣ ከዚያ ሆዷን አዩ። ከዚያ ወደ ማንም ሳይሄዱ ሐጃ ዘይነብን ለምነው ጎጇቸውን ከጎናችን ቀለሱ። ግቢው ሰፊ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሞልቶ ነበር። እማዬ የጎጆዋን በር በሌላ በኩል አዞረች።

በዚያ ላይ ካራ ነበራቸው። የቀንድ እጀታ ያላት አጭር ካራ፣ ከመቀነታቸው ሥር የምትሸጎጥ። «ሴት ልጅ ካራ ታጥቃ ምን ልትሠራ ነው?» ትላለች እማዬ። ሥራቸውን በሁለተኛው ቀን አገኙ፤ ከመጭመቂያው ሆድ ፋጉሎውን እየፋቁ ማውጣት ነበር። የሚከፈላቸውም ከዚያው ከፋጉሎው ነው። ከማሽላ ዱቄት ጋር ደባልቀው ገንፎ ያገነፉታል። የከብት ቀለብ ነው እንዳትሉኝ። ያን ዓመት ከብቱም እኛም ከአንድ ገበታ ነበርን። እጃቸው፣ ነጠላቸው፣ ፀጉራቸው ሳይቀር ፋጉሎ ፋጉሎ ይሸት ነበር።

ገንፎውን መጀመሪያ የሚያመጡት ለእማዬ ነው። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ይሉና «የሺዬ፣ ጨርሺው» እያሉ እስክትጨርስ ድረስ አይነሡም። ዓይናቸው ከአፏ አይነቀልም። ሲነሡ ደግሞ ሁልጊዜ ያቺኑ ይጠይቃሉ፣ «ስንት ወር ቀረሽ?»

እንግዲህ ፍረዱ። ማንም ለማንም እፍኝ በማይሰጥበት ዘመን፣ የማትዘመድሽ ሴት ቀለቧን ከፍላ ታበላሻለች፣ ከዚያ የመውለጃሽን ወር ትቆጥራለች። ጎረቤቱ በየፊናው ተረጎመው። መካን ናቸው፣ ልጁን ሊወስዱ ነው ያለ አለ። ቡዳ ናቸው ያለም አለ። እማዬ ሁለቱንም አመነች፤ ገንፎውን ግን ትበላለች፣ ምን ታድርግ። ብቻ የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ እንድቀምስ ታደርግ ነበር። ክፉ እናት እንዳትሏት። የእሷ ስሌት «ክፉ ሰውም ቢሆን ልጅ ላይ አይጨክንም፤ ልጅቱ ስትበላ ፊታቸው ከተለወጠ እይዛቸዋለሁ» የሚል ነበር። እኔ በደስታ እቀምሳለሁ፤ እንዲያውም ደጋግማ ብትጠረጥራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። የበሬ ቅርጫ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የዶሮ ቅርጫ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በዚያ ዓመት አደረግነው። የግቢው ሰው ያለውን አዋጥቶ አንዲት ቀጭን ዶሮ ገዛ። ማን ይበልታት ሲባል እትዬ ወርቄ ካራቸውን መዘዙ። ያን ቀን ካራዋ ለምን እንደሆነች ገባን። በአገራቸው በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ የሚበለተው በእሳቸው እጅ ኖሯል። አጥንት ሳይሰብሩ መገጣጠሚያውን ብቻ እየነኩ አሥራ ሁለቱን ብልት ሲያወጡ ሰው ሁሉ ከቦ አየ። ለድካማቸው ምን ይሰጥዎት ሲባሉ «አንገቱ ይበቃኛል» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ አንገት ምን ሥጋ አለው።

በእኛ አገር የፋሲካ ዕለት እጅ ወደ ገበታ ከመዘርጋቱ በፊት የሙታን ድርሻ ይነሣል። ሟቹ በሕይወቱ በዓል ሲሆን ይደርሰው የነበረው ብልት በእንጀራ ቁራሽ ላይ ይደረጋል፣ በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ ለነዳይ ይሰጣል። በዓለም ስሙ ቢጠራ አይደርሰውም ይባላል። ያን ዓመት የሞተብን ሰው ከዶሮዋ ብልት ይበዛ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቁራሽ ክስራ፣ የሱዳኖቹን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ መረቅ እያስነካ፣ አጥሩ ሥር ለተቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት የሙታኑን ስም እየጠራ ሰጠ። አባቴ ይደርሳል የተባለ ሰው ስለሆነ እማዬ የእሱን ስም አልጠራችም።

እትዬ ወርቄ ከሁሉ ኋላ ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን አንገቱን በክስራ ጠቀለሉና ለአዛውንቱ አስጨበጧቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለ ኃይለ ሚካኤል ነፍስ» አሉ። አዛውንቱም «ነፍስ ይማር» አሉ።

እማዬ ጉርሻዋን ከአፏ መለሰችው።

የአባቴ የዓለም ስሙ ተሰማ ነው፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል። እሱ እንኳ ባልከፋ፤ በኃይለ ሚካኤል የተጠመቀ ወንድ አገር ሙሉ ነው። ነገሩ አንገቱ ላይ ነበር። እንደምታውቁት ከዶሮ ብልት ፈረሰኛው የአባወራ ነው። አባቴ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በሩ ከተዘጋ በኋላ ፈረሰኛውን አንሥቶ እማዬ ፊት ያስቀምጥና እሱ አንገቱን ይግጣል። ወንድ ልጅ ፈረሰኛውን ለሚስቱ ሰጥቶ አንገት በላ ከተባለ የሰፈር መሳቂያ ነው። ስለዚህ ይህን ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

«እትዬ፣ ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?» አለች፣ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት።

እትዬ ወርቄ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ባሌ ነበር» አሉ።

«አንገት ይበላ ነበር?»

«ይበላ ነበር» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

እማዬ እጄን ይዛ ተነሣች። ጎጆ ከገባን በኋላ ለእኔ እንደ ትልቅ ሰው አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። አባትሽ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርድ ነበር አለች። ሲመለስ ዝምታ ያበዛ ነበር። እዚያ ሌላ ቤት ነበረው ማለት ነው። «ኃይለ ሚካኤል ብዙ ነው፤ አንገት የሚበላ ኃይለ ሚካኤል ግን አንድ ነው። ይህቺ ሴት ጣውንቴ ናት። ደግሞ ጨካኝነቷ፣ በቁሙ ነፍስ ይማር አስባለችበት። ወደ እኔ እንዳይደርስ መንገዱን ልትዘጋበት ነው።» አባቴ ሞቶ ይሆናል የሚለው ነገር በአፏ አልወጣም። አሁን ሳስበው ጣውንት ይሻላት ነበር። ጣውንት ካለች ባልም አለ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ማለቷን ተወች። ገንፎው ሲመጣ ከነዕቃው ትገፋዋለች። እትዬ ወርቄ ይለምናሉ፤ «የሺዬ፣ እኔን ጥዪኝ፣ ምግቡን ግን አትጥዪ፤ ሁለት ነፍስ ነሽ።» እማዬ ፊቷን ወደ ጆንያው ግድግዳ ታዞራለች። የምንለቅመው ማሽላ ለእኔም አይበቃኝ። እግሯ አበጠ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። አንድ ጠዋት እህል ገበያው መሃል ተዝለፍልፋ ወደቀችና ሸክም ተሸካሚዎች አንሥተው አመጧት። ሐጃ ዘይነብ ሆዷን ዳስሰው ከንፈራቸውን ሲመጡ ሰማሁ። ያን ቀን እናቴም፣ ያላየሁት ወንድሜም ይሞቱብኛል ብዬ እጅግ ፈራሁ።

በማግስቱ ሐጃ ዘይነብ ራሳቸው ገንፎ ይዘው መጡ። በየቀኑም ያመጡ ጀመር። እማዬ በላች። «ከባዕድ እጅ ይሻለኛል፤ ሐጃ ባሌን አይቀሙኝም» ብላ በደንብ በላች። ሐጃ አማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አይጠየቁም፣ አይጠረጠሩም። እኔ ግን አፍንጫ ነበረኝ። ገንፎው የማንን እጅ እንደሚሸት በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ። ርቦኝ ስለነበር አፌን ለመብያ ብቻ ከፈትኩት።

ወንድሜ ግንቦት ላይ ተወለደ። ያዋለዷት ሐጃ ናቸው። እትዬ ወርቄ ግን ጎጆው ደጃፍ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ካራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። የልጁ ድምፅ ሲሰማ ካራዋን ለእትብቱ በጆንያው ቀዳዳ አቀበሉ። ሐጃ ዝም ብለው ተቀበሏት፤ እማዬ የማን እንደሆነች አላየችም።

ክርስትናው በአርባ ቀኑ ተነሣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እማዬ ልጁን እያጠባች ሳለ የግቢው ሰው አንድ በአንድ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣና ደጃችን ላይ ተቀመጠ። ደህና አደርሽ ያለ የለም። እማዬ አንድ ጊዜ አየቻቸውና ልጁን ከጡቷ ነጥላ ለእኔ ሰጠችኝ። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ተሰብስቦ፣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም አበሻ ይነገረው አይልም።

የተናገሩት እትዬ ወርቄ ናቸው። «የሺዬ፣ ተሰማ አርፏል።»

እማዬ አልጮኸችም። ሴቶቹ ሊይዟት ሲጠጉ በክንዷ ከለከለቻቸው። «አንቺስ ምኑ ነሽ?» አለች።

«ምኑም አይደለሁም። መንገድ ላይ ነው የተዋወቅነው።»

ከዚያ ነገሯት። አባቴ እናቱን ቀብሮ ተነሥቶ ኖሯል። መተማ ሊደርሱ ሲሉ፣ አንድ የቆላ ዛፍ ሥር፣ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ተሰብስበው ተኝተዋል፤ እትዬ ወርቄም ከእነሱ ጋር ናቸው። አንዱ ነገ የገና በዓል ነው አለ። የሚቀመስ የለም። ሰው ሲርበው የሚያወራው ስለ ምግብ ነው፤ በአገሩ በዓል ሲሆን የሚበላውን እያነሣ ሁሉም ያወራ ጀመር። እትዬ ወርቄ ያን ጊዜ ካራቸውን አወጡና «በሉ እንግዲህ፣ ዶሮው ይኸው ታርዷል፤ እየበለትኩ ነው፣ ድርሻችሁን ተናገሩ» አሏቸው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ምንም የሌለበት ድንጋይ ላይ፣ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን እየቆረጡ አደሉ። ለአንዱ ታፋ፣ ለአንዱ መላላጫ። ሰው ሳቀ አሉ። የአባቴ ተራ ሲደርስ፣ እዚያ የሚያፍረው ጎረቤት ስለሌለ ይሆናል፣ «ለኔ አንገቱን» አለ።

«በሦስተኛው ቀን ደከመ» አሉ እትዬ ወርቄ። «ቄስ የለ፣ ዘመድ የለ። የክርስትና ስሜን ያዙልኝ፣ ጥሩልኝ አለኝ። እርጉዝ ሚስት አለችኝ፣ የሺ ትባላለች፣ ከፊት ሄዳለች፣ ሳትወልድ እንዳይነግሯት አለኝ። ለእርጉዝ መርዶ ይነገራል? ለአራስስ? እኔ የማውቀው ወግ ይኸው ነው። ባሌ ነው ያልኩሽ ሌላ ውሸት አልመጣልኝ ብሎ ነው። የኔስ ባል፣ አንገት ሊበላ ቀርቶ ከፈረሰኛው አጥንቱንም አያስተርፍልኝ።»

ሰው እማዬ አሁን ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እማዬ ግን እማዬ ናት። ዓይኗን አጥብባ አየቻቸው። የሚወራ ሁሉ ከየትም ሊሰማ ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል።

«ፈረሰኛውን ለማን አለ?»

እትዬ ወርቄ አላሰቡም። «እኔም ለማን ይሁን ብዬው ነበር። ‹እሱን አትንኩት፤ ለየሺ ይቀመጥልኝ፣ ስደርስ እኔ እሰጣታለሁ› አለ። ድንጋዩ ላይ ለብቻው አስቀመጥኩለት።»

እማዬ ያን ጊዜ ጮኸች። ግመሉ እንኳ በመጭመቂያው ውስጥ ቆመ። እትዬ ወርቄ እላይዋ ላይ ወድቀው አብረው አለቀሱ፤ እኔ ወንድሜን አቅፌ በሁለቱ መሃል ተቀረቀርኩ፣ ፋጉሎ ፋጉሎ በሚሸተው ነጠላ ውስጥ። አባቴን ያለቀስኩት እዚያ ውስጥ ሆኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አብረን ኖርን። እማዬ አንቱ ማለቷን መለሰች፤ ገንፎውንም ከእጃቸው በቀጥታ በላች። ወደ አገር ስንመለስ ግን እትዬ ወርቄ አልመጡም፤ «የማን ብዬ እመለሳለሁ» አሉ። ካራዋን ለእማዬ ሰጧት። እማዬ የክርስትና ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ አንድ ቀን እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች። ሳቁና «ስትቀብሪኝ ትሰሚዋለሽ» አሏት። ማረፋቸውን የሰማነው ከሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ሰው ነው፣ ከተቀበሩ ከብዙ ወራት በኋላ። ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘንም።

እማዬ አሁን አርጅታለች፤ ዶሮ መበለቱን ግን አሁንም ለማንም አትተውም። ፋሲካ ሲሆን በዚያችው ካራ፣ በመሳል ብዛት ባለቀችው፣ ራሷ ትበልተዋለች። መጀመሪያ አንገቱን አንሥታ «ስለ ኃይለ ሚካኤል ነፍስ» ብላ ትሰጣለች። ቀጥላ ፈረሰኛውን ታነሣለች። አባቴ በሩን ዘግቶ ያስቀምጥላት የነበረው የራሷ ድርሻ ነው። በእንጀራ ትጠቀልለዋለች፣ ስም ልትጠራ አፏን ትከፍታለች፣ ትቆያለች።

«ስለ… ጌታዬ፣ ስማቸውን አንተ ታውቀዋለህ» ትላለች።

ነዳዩ ተቀብሎ ሲሄድ ወደ እኔ ዞር ብላ «ደብቀውኝ ሄዱ እኮ። እኔ ድሮም ጠርጥሬያቸው ነበር» ትለኛለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ከዚያ ትቀመጥና በመረቁ ብቻ ትበላለች። ከገዳሪፍ ከተመለስን ወዲህ ፈረሰኛ ስትቀምስ አላየሁም።